ነጭ ዝገት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ። የቢሮው ኃላፊ ቆሞ፣ ‹‹ጋሽ ተፈራ በመካኒክነት ባገለገሉበት ዘመን ሁሉ፣ እሳቸው ጠግነው የለቀቁት መኪና ሰው ጎድቶ አያውቅም›› አለ። ጭብጨባው ሳያልቅ ከኋላ ወንበር አንድ ሾፌር፣ ‹‹መቼ ለቆት! ድንጋይ ሲደረድር አይደል የሚመሽበት!›› ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውሸት አልተናገረማ።

ፈሪ ነኝ። አንዱ አናጺ ነኝ፣ ሌላው ሸማኔ ነኝ እንደሚለው እኔም ፈሪ ነኝ እላለሁ፤ የኖርኩበት ሙያ ነውና። አባቴ ተፈራ ብሎ ስም ሲያወጣልኝ፣ ‹‹የሚፈራ ሰው ይሁንልኝ›› ብሎ መርቆኝ ነበር አሉ። አባቴ ቃሉን አጥብቆ ነው የተናገረው፤ እግዜር ግን አላልቶ ሰማው። የመንዝ ሾፌሮችም ነገሩ ቶሎ ስለገባቸው ከስሜ ላይ ‹ተ›ን አንስተው ‹ፈራ› አሉኝ። ‹‹ፈራን ጥሩት››፣ ‹‹ፈራ አይቷታል ወይ?›› ሲባል ዕድሜዬ አለፈ።

ሥራ የጀመርኩት ዓለም ከተማ፣ በአንድ የመንገድ ጥገና ካምፕ ጋራዥ ውስጥ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ከዚህ በላይ ስለ ደመወዝ የምለው የለኝም። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ እንግዳ ናቸው። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ በሙቀትም በብርድም የሱፍ ቆባቸውን የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሌላው መካኒክ መኪና ሥር ተኝቶ ሲያንጎራጉር ወይም ቡሎኑን ሲሳደብ፣ እሳቸው ጸጥ ይላሉ። ‹‹መኪና ሊጫንህ ሲል ያስጠነቅቅሃል፤ አንተ ስታወራ እንዴት ትሰማዋለህ?›› ይሉኝ ነበር።

ደግሞም ይቀምሳሉ። ከመኪና ሥር የሚንጠባጠብ ነገር ካለ በጣታቸው ነክተው ምላሳቸው ላይ ያደርጉና፣ የዝናብ ውኃ ይሁን፣ የፍሬን ዘይት ይሁን፣ የካምቢዮ ዘይት ይሁን ይነግሩሃል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።

‹‹ጋሼ፣ መርዝ ቢሆንስ?››

‹‹እተፋዋለኋ! ዓይኔ ስንት ጊዜ እንደዋሸኝ ብታውቅ። ምላሴ ግን ገና አልዋሸኝም።››

አንድ ቀን ገላዋ ከአሉሚኒየም የተሠራ አሮጌ የመስክ መኪና መጣች። አሉሚኒየሙ ከብረት ቡሎኖቹ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ነጭ ብናኝ አውጥቷል። እኔ የመንገድ አቧራ መስሎኝ በጨርቅ ልጠርግ ስል እጄን ያዙኝ። በጥፍራቸው ቧጨር አደረጉና፣ ‹‹ቅመስ›› አሉኝ። እየፈራሁ ቀመስኩ። ጣዕም የሚባል ነገር የለውም፤ ምላሴን ግን ልክ እንደ ኖራ ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ።

‹‹ዝገት ነው›› አሉ።

‹‹ዝገት ቀይ አይደል እንዴ?››

‹‹የብረቱ ቀይ ነው። ይሄም የራሱ አለው። ከብረት ጋር ተጣብቆ ሲኖር፣ እርጥበትና ጨው ሲያገኘው፣ እንዲህ እየነጣ ይበላል። ሰው ግን ነጭ ነገር ሲያይ አይፈራም።››

ሌላው ልማዳቸው እኔን በጣም ያሠቃየኝ ነው። የጠገኑት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው አብረው ይወርዳሉ። ያንን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሾፌር በፍሬን ብቻ አይወርደውም፤ ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል። ከባድ ማርሽ ያስገባና ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት ያደርጋል። ጋሽ እንግዳ ቆባቸውን ደፍተው ገደሉን ሳያዩ፣ ጆሯቸውን ብቻ አቁመው ይወርዱና፣ ከታች ባገኙት መኪና ተሳፍረው ይመለሳሉ። እኔንም አስለመዱኝ። ‹‹አንተ የማትቀመጥበትን መኪና ለሰው እንዴት ትሰጣለህ?›› ሲሉ ገብቼ እቀመጣለሁ። በየመታጠፊያው ግን የልጅነት ጸሎቴን ሁሉ እደግም ነበር።

ስለ መኮንን መጻፍ አልፈልግም ነበር፤ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ያለ እሱ አይገባም።

መኮንን አብሮኝ የተቀጠረ እኩያዬ ነው። እጁ ከእኔ ይፈጥናል፣ መልኩም ያማረ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ እንግዳ ለቀብር ሄደው ሁለታችን ብቻ ቀረን። ውኃ የሞላች ቦቴ ከካምፑ በር ላይ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁሉ አድርጋ ቆማለች። ዘንጓ ይንኳኳል ተብሎ ነው የመጣችው። ዘንግ የምለው፣ ከማርሽ ሳጥኑ ከካምቢዮው ተነስቶ በመኪናው ሆድ ሥር አልፎ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ረጅሙን ቱቦ ነው።

‹‹ድንጋይ እናድርግላት›› አልኩት።

‹‹ማርሽ ላይ ናት፣ የእጅ ፍሬኗም ተስቧል። ምን ሆንክ አንተ ደግሞ!›› ብሎኝ ከሥር ገባ።

ማርሽ ጎማን የሚይዘው በዘንጉ በኩል ነው። የዚያች ቦቴ የእጅ ፍሬንም የተቀመጠው ጎማው ጋ ሳይሆን ከካምቢዮው ጀርባ ነበር፤ እሱም የሚይዘው ይህንኑ ዘንግ ነው። ስለዚህ ዘንጉ ሲፈታ ማርሹም የእጅ ፍሬኑም አብረውት ይፈታሉ። መኮንን ይህን አላሰበውም፤ እኔም በዚያች ሰዓት አላሰብኩትም። የመጨረሻውን ቡሎን ሲያወጣ ዘንጉ መሬት ላይ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ ድምፅ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ጋሽ እንግዳ መኪና ያስጠነቅቃል ያሉት ለካ ሁልጊዜ አይደለም። ሣር የምትግጥ ላም አንድ እርምጃ ወደፊት እንደምትል፣ ቦቴዋ ዝም ብላ ሄደች። ጎማው መኮንን ላይ ወጣና ወረደ፤ ቦቴዋ የካምፑን ግንብ ገጭታ ቆመች። እኔ ቁልፍ እንደያዝኩ ቆሜ እጮኻለሁ። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን አልተረፈም።

ጋሽ እንግዳ ሲመለሱ አልተቆጡም። ማንንም አልጠየቁም። በማግሥቱ ጠዋት አንዲት መኪና ሊሠሩ ሲሉ እንደ ወትሯቸው ጎማው ፊት ድንጋይ አደረጉና፣ ተመልሰው ሄደው ሌላ ድንጋይ አመጡ። ሁለተኛውን ግን ከመጀመሪያው ጋር አላስጠጉትም፤ ስንዝር ያህል አርቀው አስቀመጡት።

‹‹ይሄኛው ለምንድን ነው?›› አልኳቸው።

‹‹የመጀመሪያው ለመኪናው ነው። ይሄኛው ለሞኙ ነው።››

‹‹ሞኙ ማነው?››

‹‹ትናንት እኔ ነበርኩ፤ ትቻችሁ የሄድኩት። ነገ አንተ ትሆናለህ።››

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ድንጋይ ሳላደርግ መኪና ሥር ገብቼ አላውቅም። መኮንን ዛሬ እዚያው ዓለም ከተማ ሱቅ አለው። ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ ‹‹ድንጋዮችህ ደህና ናቸው?›› ብሎ ነው። ይስቃል፤ እኔ ግን በዚያ ሳቅ መሳቅ አልችልም።

በኋላ ወደ መሐል ሜዳ ተዛወርኩ፣ ቆይቶም ወደ ሞላሌ። ብርዱ ሌላ ነው፤ ጠዋት ቁልፍ ስታነሳ ብረቱ ከጣትህ ጋር ይጣበቃል። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንደኛው ጥሩ ሰው ነበር፤ እኔ ከመኪና ሥር እስክወጣ ድረስ አጠገቤ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሌላኛው ደግሞ ጋራዡን ሊጎበኝ መጥቶ፣ ‹‹ይሄ ጋራዥ ነው ወይስ የበግ በረት? ይሄ ሁሉ ድንጋይ ምንድን ነው?›› ብሎ አስወጣብኝ። እሱ ሲሄድ መልሼ አስገባሁ።

አሁን ወደ ደምሰው ልምጣ። ደምሰው የታናሽ እህቴ የአስካለ ባል ነው። ሞላሌ ውስጥ የሚያውቀው ሁሉ የሚወደው፣ ሲነዳ የሚዘፍን፣ ምንም ነገር የማያስደነግጠው ሰው ነው። ከአባቱ የወረሳት አሮጌ ፒክአፕ አለችው፤ የቤታቸው እንጀራ እሷ ናት። ገብስ ወደ ወፍጮ ትወስዳለች፣ ከገበያ የበግ ጨው ጭና በየቀበሌው ታደርሳለች፣ ሰው ታመላልሳለች። የእሷም የእጅ ፍሬን እንደዚያች ቦቴ ከካምቢዮው ጀርባ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር መኮንን ትዝ ይለኛል።

ጡረታ ልወጣ ስቃረብ ፒክአፗ ወንዝ ስትሻገር ቋጥኝ ላይ ተቀመጠችና ዘንጓ ተጣመመ። እንደሷ ላለች አሮጊት አዲስ ዘንግ አይገኝም። ደምሰው ከተማ ወርዶ፣ የተሰባበሩ መኪኖች ዕቃ ከሚሸጥበት ግቢ፣ ከተገለበጠ አዲስ መኪና የወጣ ዘንግ ይዞ መጣ። በአንድ እጁ እያወዛወዘው ነው የገባው። እኔ ደግሞ ዘንግ የማውቀው ሁለት ሰው ተጋግዞ ሲሸከመው ነው።

‹‹አሉሚኒየም ነው፣ ጋሽ ተፈራ! ቀላል ነው፣ ነዳጅ ይቆጥባል ብለውኛል።››

‹‹ይሄ እኮ የድስት ብረት ነው፣ ደምሰው።››

አስካለ ጣልቃ ገባች። ‹‹ድስት ስንት ዘመን እሳት ላይ ተጥዶ ይኖር የለ? አንተ ደግሞ ጋሼ፣ ምኑን አትፈራም!››

አልገጥምም አልኩ። ደምሰው አልተቆጣም፤ ‹‹እንግዲያው ሌላ ሰው ይገጥመዋል›› አለ። ሌላው ሰው ማን እንደሆነ አወቅሁ፤ ሁሉን ነገር በመዶሻ የሚያስገባ ሰው ነው። አሉሚኒየም ደግሞ መዶሻ አይወድም፤ ትንሽ ጎድጎድ ካለ በዚያችው ቦታ ተጣጥፎ ይቆረጣል። ስለዚህ ፈርቼ እምቢ ያልኩትን ሥራ ፈርቼ ተቀበልኩት።

አሮጌውንና አዲሱን መሬት ላይ ጎን ለጎን አስተኝቼ ለካሁ። አዲሱ ጣት ያህል ያጥራል፤ ይህ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ፊተኛው ጫፉ ካምቢዮው ውስጥ ወጣ ገባ እያለ የሚሠራ ነው። ቢረዝም ኖሮ መኪናዋ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ካምቢዮውን ይወጋው ነበር። ከዚያ ሁለት የተሰነጠቀ እንጨት ላይ አስቀምጬ በእጄ አዞርኩት፤ ጠመኔ አስጠግቼ ያዝኩበት። ዘንጉ የተጣመመ ከሆነ ጠመኔው አንድ ወገን ብቻ ይነካዋል፤ ቀና ከሆነ ዙሪያውን እኩል ይቀባዋል። እኩል ቀባው። የዘንጉን ጫፍ የሚያተጣጥፈውን መስቀለኛ ዕቃ ስገጥም ብረት አላስነካሁትም፤ በወይራ ቁራጭ ቀስ እያልኩ ገፋሁት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ይሰማኝ ነበር፤ ያውም በሞላሌ ብርድ።

አንድ ነገር ብቻ አልወደድኩለትም። ኋለኛው ጫፉ ላይ አሉሚኒየሙ የብረት አንገት ላይ ተጠልቆ ነበር። ፋብሪካ እንዲያ አድርጎ ነው የሚሠራው፣ ጉድለት የለውም። እኔ ግን የጋሽ እንግዳን ነጭ ብናኝ አስታወስኩ። መገናኛውን ዙሪያውን ፀረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁና፣ ‹‹ደምሰው፣ ጨው ስትጭን ከሥሩ ሸራ አንጥፍ፤ ጨውና ውኃ እዚህ ቦታ እንዳይንጠባጠብ›› አልኩት።

‹‹እሺ፣ ጋሽ ተፈራ›› አለ። ሸራም ገዛ።

መጀመሪያ ወደ ቆላ የወረደ ዕለት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከጓሳ ተራራ አፋፍ ጀምሮ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ እሱ እየዘፈነ፣ እኔ የበሩን እጀታ እንደጨበጥኩ ወረድነው። ምንም አልሆነም። ዘንጉ ከአሮጌው ይልቅ ጸጥ ብሎ ይዞራል። ከታች ስንደርስ ጣቶቼ ከእጀታው አልላቀቅ ብለው ደምሰው አንድ በአንድ ፈታልኝ። ይህን ታሪክ በየሄደበት አወራው። ጡረታ ስወጣም በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሳቁት ሰዎች ግማሾቹ ይህንን እያስታወሱ ነው የሳቁት።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ክረምት አለፈ። ከክረምቱ መውጫ ላይ የደምሰው አጎት ቆላ ውስጥ አረፉ ተባለና ለልቅሶ ልንወርድ ተነሳን። ደምሰው መሪው ላይ፣ አስካለ መሐል፣ እኔ በር ጋ ተቀመጥን። ከኋላ ለልቅሶ ቤት የሚሆን የገብስ ዱቄት በጆንያ ተጭኖ፣ በላዩ ዘመድና ጎረቤት ተቀምጧል። እማማ በለጡ የሚባሉ ምላሳቸው የማያርፍ ጎረቤታችን ጆንያ ላይ ሆነው፣ ‹‹ፈራ አለ አይደል? እንግዲህ በሰላም እንደርሳለን፤ ቢዘገይም!›› እያሉ ሰዉን ያስቁታል።

ጓሳን በጉም ውስጥ አቋረጥነው። ሣሩ ረጥቦ አጎንብሷል፤ መንገዱ ከፊታችን ትንሽ ትንሽ ብቻ ይታያል። ደምሰው ነዳጅ በሰጠና በተወ ቁጥር ከሥራችን ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ። እንደገና ቀጭ። አስካለን አየኋት፤ አልሰማችም። ደምሰውም አልሰማም፤ ልቅሶ እየሄደ ስለሆነ አልዘፈነም እንጂ ከሟቹ አጎቱ ጋር ስላሳለፈው ልጅነት ያወራ ነበር። ጆሮዬን አቁሜ ቀጣዩን ጠበቅሁ።

ሾፌሮች ወደ ቆላ ከመውረዳቸው በፊት አፋፉ ላይ ቆም ይላሉ፤ ጎማ ያያሉ፣ ያማትባሉ። እዚያ ስንደርስ፣ ‹‹ልይልህ›› አልኩት። ወረድኩ። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሳሁና ከኋላ ጎማዎቹ ፊት አደረግሁ፤ ከዚያ ስንዝር አርቄ ሁለተኛውን። እማማ በለጡ፣ ‹‹ካቡን ጀመረው!›› አሉ።

ከሥር ገባሁ። ወዲያው ወደ ኋለኛው አንገት ነው የሄድኩት። የቀባሁት ቀለም በጠጠር ተመትቶ አልቋል። አሉሚኒየሙ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ዙሪያውን ነጭ ሆኗል።

‹‹ደምሰው፣ ይሄ ምንድን ነው?››

ጎንበስ ብሎ አየ። ‹‹ዱቄት ነዋ! ጆንያው ይረግፋል። በየቅዳሜው እኮ እጠርገዋለሁ፣ ይኸው መልሶ ይነጣል።››

‹‹ሸራውስ?››

‹‹ሸራው ተቀደደ፤ ቆየ።››

ዱቄት ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ፤ ዱቄት ቢሆን በወደድኩ ነበር። በጥፍሬ ቧጨር አደረግሁና ምላሴ ላይ አስቀመጥኩት። የገብስ ዱቄት አይደለም። ጨውም አይደለም። ጣዕም የለውም፤ ምላሴን እንደ ኖራ ጨምድዶ ያዘኝ።

ወጥቼ፣ ‹‹አንወርድም›› አልኩ።

‹‹ምን ተገኘ?››

‹‹ዱቄት አይደለም፣ ዝገት ነው። ደምሰው፣ በየቅዳሜው ስትጠርገው የነበረው ዘንጉን ራሱን ነው።››

ከላይ ሳቅ ተነሳ። ‹‹ነጭ ዝገት! ደግሞ ምን አመጣ ዛሬ!›› አሉ እማማ በለጡ። አንዱ ቀብሩ ያልፈናል አለ። አስካለ ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ወሰደችኝ። ‹‹ጋሼ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ዛሬ እንኳን ተወው። አጎቱ እኮ ናቸው ያሳደጉት።›› ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ከዝገቱ ይልቅ አስፈራኝ። ይህን ያህል ዘመን በረባ ባልረባው ፈርቼ ፈርቼ፣ ፍርሃቴን የሚያምነኝ ሰው አጥቻለሁ። ሁሉም እየሳቀ ሊወርድ ነው፤ እህቴም አብራ ልትወርድ ነው። ዘንጉ ቁልቁለቱ ላይ ቢበጠስ ሞተሩ መኪናዋን መያዝ ያቆማል፤ የእጅ ፍሬኑም ከዘንጉ ጋር ይሄዳል፤ የእግር ፍሬኑ ብቻውን ይህን ሁሉ ሰውና ጆንያ ይዞ መታጠፊያዎቹን አያልፍም። ይህን ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ ግን ተንቀጠቀጠብኝ፣ እነሱም መንቀጥቀጡን ብቻ ሰሙት።

‹‹እሺ፣ አንድ ነገር እንሞክር›› አልኩ በመጨረሻ። ‹‹ሰዉ ሁሉ ይውረድና ወደ ኋላ ይራቅ። ጎማዎቹን ድንጋይ ይዟቸዋል። አንድ ማርሽ አስገባና ነዳጅ ሰጥተህ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቀው። ዘንጉ ጤነኛ ከሆነ ጎማው አልሄድ ሲል ሞተሩ ይጠፋል። ከጠፋ አፌን ዘግቼ እወርዳለሁ፤ ሁለተኛም ስለ መኪናህ አልናገርም።››

ደምሰው ፈገግ አለ። ‹‹ሁለተኛ አይናገሩም?››

‹‹አልናገርም።››

‹‹ውረዱ ሁላችሁም!›› አለ።

ሰዉ እያጉረመረመ ወረደ። ድንጋዮቹን እንደገና በእግሬ ገፍቼ አየኋቸው። ከዚያ ደምሰው መሪው ላይ ወጣ። እኔ ውጭ ብቆም ማንም ምንም አይለኝም ነበር። መቆምም ፈልጌ ነበር፤ እግሬ ወደ ሣሩ ነበር የሚስበኝ። ዘንጉን የገጠምኩት ግን እኔ ነኝ። ጋሽ እንግዳ ካረፉ ቆይተዋል፤ ቢሆንም የሱፍ ቆባቸው ከፊቴ ድቅን አለና በሩን ከፍቼ ገባሁ።

ሞተሩ ጮኸ። ደምሰው ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አደረገው። ፒክአፗ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ተንቀጠቀጠች፤ ጎማዎቹ ድንጋዩን ተጫኑ። ሞተሩ ድምፁ ወፈረ፣ ሊጠፋ ነው አልኩ። አንድ አፍታ በእውነት ደስ አለኝ፤ ተሳስቼ ነበር ማለት ነው።

ከመቀመጫችን ሥር ቧ! አለ።

ከዚያ በኋላ የተበጠሰው ዘንግ የመኪናዋን ሆድ ከውስጥ ይደበድበው ጀመር። ደምሰው ፍሬን ረገጠ፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ገባ። የሚወራጨው ዘንግ የፍሬኑን ቧንቧ ቆርጦታል። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ የሚይዘው ዘንግ ግን ከጎማው ተለያይቷል። ሞተሩን አጠፋው። ያን ጊዜ ያ ዝምታ መጣ። የማውቀው ዝምታ ነው፤ ዓለም ከተማ የካምፑ በር ላይ ሰምቼዋለሁ። ፒክአፗ ዝም ብላ ወደፊት ተደገፈች፣ የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ቀስ ብላ ወጣች፣ ወረደችም። ከፊታችን ጉም ብቻ ነው ያለው። ከጉሙ ኋላ ምን እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። ‹‹መድኃኔ ዓለም!›› የምትል የአስካለን ድምፅ ሰማሁ።

ሁለተኛው ድንጋይ ያዛት። አንዴ ነቅነቅ አለችና ቆመች።

ደምሰው ምንም የማይዘውን ፍሬን እንደረገጠ ቀርቷል፤ ጣቶቹ መሪው ላይ ነጥተዋል። እኔም የበሩን እጀታ ጨብጫለሁ።

‹‹ጋሽ ተፈራ›› አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

‹‹አቤት።››

‹‹ፈራሁ።››

‹‹እሰይ›› አልኩት። ‹‹አሁን በእኔ በኩል ቀስ ብለህ ውረድ።››

ጣቶቹን ከመሪው ላይ አንድ በአንድ ፈታሁለት። ወርደን መሬት ስንረግጥ አስካለ ነጠላዋን አሸርጣ፣ ለሴት ቀርቶ ለወንድም የሚከብድ ድንጋይ በደረቷ አቅፋ እየሮጠች መጣች። ባሏንም እኔንም አላየችም። ተንበርክካ ከሁለተኛው ድንጋይ ፊት፣ ስንዝር አርቃ አስቀመጠችው። ከኋላዋ እማማ በለጡ በሁለት እጃቸው ሌላ ይዘው ደረሱ፤ ከእሳቸው ኋላ የቀረው ሰው ሁሉ።

አስካለ ከተንበረከከችበት ቀና ብላ አየችኝ። እጇ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

‹‹ጋሼ፣ ይበቃል ወይስ ልጨምር?››

‹‹ጨምሪ›› አልኳት።